እንግዳ ጠርቶ ገመና መቸርቸር

ዘንድሮ ሳሎን ያለው ሁሉ ጣቢያ ከፍቷል። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ ጥግ ላይ ወይን ጠጅ መብራት፣ ከጀርባ ደግሞ የመጻሕፍት መደርደሪያ (ከመጻሕፍቱ ገሚሱ ገና ላስቲካቸው አልተቀደደም)። በቃ፣ ፖድካስት ተባለ። በዚህ በዚህስ ቅሬታ የለኝም። የምሬን ነው! ስቱዲዮ መከራየት፣ የአየር ሰዓት መግዛት የማይችል ወጣት በእናቱ ሳሎን ሰው ጋብዞ ማውራት መቻሉ ደግ ነገር ነው። ድሮ ቢሆን ለዚህ ስንት ደጅ ይጠና ነበር! የእኔ ጠብ ከማይክሮፎኑ ጋር አይደለም፤ ከባለ ማይክሮፎኑ ጋር ነው። «ኑ፣ ቡና ጠጥተን እንጨዋወት» ብሎ ጠርቶ፣ አጫውቶ፣ አስለቅሶ፣ በማግስቱ ያስለቀሰበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ ገበያ ከሚያወጣው የቤት ጌታ ጋር።

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። እኛ አገር ለምሳ የተጠራውም ለቃለ መጠይቅ የተጠራውም ስሙ አንድ ነው፤ እንግዳ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሚጠየቀው ተጠርጣሪ ይባላል፤ ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ምስክር ይባላል፤ ሳሎን የሚጠየቀው ግን እንግዳ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ ያስለመደችንን ቃለ መጠይቅ «የጨዋታ እንግዳ» በሚል ስም ነው ያደመጥነው። ሰውየው ታሪኩን ሳምንት እየቆጠረ ሲተርክ፣ ጠያቂዋ ቀድማ አንብባና አጠያይቃ እንደመጣች ያስታውቃል። ጥያቄዋ አጭር፣ ዝምታዋ ረጅም። እንግዳ ማለት ደግሞ የጠራው ሰው ኃላፊነት ነው። ደጃፍህ ላይ ውሻ ቢነክሰው ዕዳው ያንተ ነው። አዳልጦት ቢወድቅ ያንተ ነው። ታዲያ ተናግሮ ቢወድቅስ?

ቤት ውስጥ መቅዳት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ከስቱዲዮ ይሻላል ባይ ነኝ። ማርክ ማሮን የተባለ አሜሪካዊ ኮሜዲያን እ.ኤ.አ. በ2009 ፖድካስት ጀምሮ፣ ሎስ አንጀለስ ካለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ (የኛ ጋራዥ እንዳይመስላችሁ፤ ዘይትና ግሪስ የለበትም፣ የመኪና ማሳደሪያው ነው) ሰው እየጋበዘ ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን ላይ እያሉ እዚያ ጋራዥ ድረስ ሄደው ተቀመጡ። ስለ ዘረኝነት ሲያወሩ ከአንድ ፕሬዚዳንት አፍ የማይጠበቅ ቃል ጠርተው ዓለምን አነጋገሩ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ሲዘጋም የመጨረሻው እንግዳ እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ጨዋታ በቤተ መንግሥት ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አይገኝም። ቤት ያፍታታል፤ ክራባት ያላላል።

ልብ በሉ ግን! ፕሬዚዳንት ጋራዥ ሲገባ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል አስቦበት ነው። ከኋላው አማካሪ አለው፤ ከአማካሪው ኋላ ጠበቃ አለው። እሱ ሲፍታታም ልኩን ያውቃል። የኛ ሰፈር ጡረተኛ መምህርት፣ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ግን ከኋላቸው ያለው የወንበሩ መደገፊያ ብቻ ነው። ለእነሱ ቤት ማለት ያው ቤት ነው። በቤት ውስጥ የሚወራ ነገር በቤት እንደሚቀር እያወቁ ነው ያደጉት። ስኒ ሲቀርብላቸው፣ ቄጠማው ሲሸት፣ «ምነው፣ ቁርሱን አልነኩትም እኮ» ሲባሉ፣ ከፊታቸው የተገተረው ማይክሮፎን ሲኒ ከረከቦቱ ጋር የመጣ ዕቃ ይመስላቸዋል። አቦል ላይ ስለ ትምህርት ቤት ይወራል። ቶና ላይ ስለ ሥራ። በረካ ሲደርስ ሰው ሆዱ ይከፈታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን ያለ ብቅልም ይወጣል፣ ሦስተኛው ሰዓት ብቻ ይድረስ።

አዘጋጆቹ ደግሞ ይህን ያውቁታል። «ረጅም የሆነው ለዚህ ነው፤ ሰው እውነቱን የሚያወጣው ሲደክመው ነው» ብሎ በኩራት ያስረዳኝ አለ። እንዴ! ሲደክመው ማስለፍለፍማ የመርማሪ ዘዴ አይደለም እንዴ? በየትኛው አገር ነው የእንግዳ አቀባበል የሆነው?

የሚገርመኝ ጥንቃቄ የማያውቁ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ለድምፅ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ብታዩ! የሲሚንቶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅ እያነጠረ ያስተጋባል ብለው ከመጋረጃው ኋላ ብርድ ልብስ ይሰቅላሉ፤ ምንጣፍ ይደርባሉ፤ የአያታቸውን ጋቢ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ይቸነክራሉ። ፍሪጁ እንዳያጉረመርም ይነቀላል (ሥጋው ይበላሻል፣ ግድ የለም)። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር እንዲርቅ ይለካል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ማይክሮፎን፣ የየራሱ መቅጃ መስመር። ቆራሌው በውጭ «ቆራሌው!» እያለ ሲያልፍ ሁሉም እጁን አንስቶ እስኪርቅ ይጠብቃል። ጎረቤት ያለው ብረታ ብረት ቤት መቁረጫውን ሲያስነሳ ሄደው ይለማመጣሉ። መብራት ሲጠፋም እስከዚያ የተቀዳው እንዳይጠፋ የሚሮጡት ሩጫ ለብቻው ነው። ይሄ ሁሉ ለድምፁ ነው። የድምፁ ባለቤት የነገ ኑሮስ? ለእሱ የተሰቀለ አንድ ብርድ ልብስ የለም።

የማውቃቸው አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ቴአትር ቤት የጨረሱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ስማቸውን አልጠራም፤ የጠራቸውንም ልጅ እንደዚያው። ልጁ በስልክ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ ለምኖ ወሰዳቸው። ካሜራው ሲበራ «አንተ» አላቸው። ምክንያቱም ፕሮግራሙ «ቤተሰባዊ» ነው። (የትኛው ቤተሰብ ውስጥ ነው የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ የሰባ ዓመት ሰው አንተ የሚለው?) ሁለት ሰዓት ስለ መድረክ አወሩ፤ ደስ የሚል ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ቴአትር ወዳድ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ታሪክ ነው። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ልጁ «የመጀመሪያ ትዳርህስ?» አላቸው። እሳቸውም ከአርባ ዓመት በፊት የተለያዩበትን ምክንያት፣ ያኔ ሽማግሌ ፊት እንኳ ያልወጣውን፣ ዘረገፉት። አለቀሱም።

በማግስቱ ምን የወጣ ይመስላችኋል? ስለ መድረኩ የተወራው? የሃምሳ ሰከንድ ለቅሶ ነው የወጣው። ከላዩ በቀይ ፊደል ያበደ ርዕስ፣ ከሥሩ አሳዛኝ ክራር።

ሴትዮዋ በሕይወት አሉ። እዚሁ ከተማ ናቸው። ሌላ ባል አግብተው፣ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ማኅበር የሚጠጡ፣ ዕድር የሚከፍሉ የተከበሩ እናት ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልጠራቸውም፤ ማይክሮፎንም አልተዘጋጀላቸውም። ያቺን ሃምሳ ሰከንድ መጀመሪያ ያዩት ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ማኅበር አልሄዱም። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ልጁ ጋ ደወሉ። «ልጄ፣ እባክህ ያቺን ነገር አውጣልኝ» አሉት። የመለሰላቸውን እንዳለ ነግረውኛል፦ «ጋሼ፣ እሷ እኮ ናት የሄደችው!» ካሜራው ጠፍቷላ፣ ጋሼነታቸው ተመልሶላቸዋል።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ማን አስገደዳቸው? በገዛ አፋቸው ነው የተናገሩት።» አዎ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግን ተረቱ የተተረተው ተናጋሪው እንዲጠነቀቅ እንጂ ሰሚው አፋፉ ሥር ጆንያ ይዞ እንዲጠብቅ አይደለም። ሕግም ቢሆን ፈቃድ የሚባል ነገር ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቴሌቪዥን አገራችን ከመግባቱ ከአራት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በቁጥር 27 ላይ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ለታወቀ ሰውና ለአደባባይ ጉዳይ ልዩ ሁኔታ አለው። ልጁ ይህን ቢያነብ «ይኸው፣ አዛውንቱ ካሜራ ፊት የተቀመጡት ፈቅደው ነው፤ የሴትዮዋን ምስል ደግሞ አላሳየሁም» ይለኛል። ልክ ነው፣ ምስላቸውን አላሳየም። ያሳየው ትዳራቸውን ነው። አዛውንቱም ቢሆኑ የፈቀዱት ለሦስት ሰዓት ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታው ተገንጥላ ለብቻዋ ለምትዞር ሃምሳ ሰከንድ ማንም አላስፈቀዳቸውም።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ የባሰ ነው። «እኛ ሳንሱር አናደርግም። ያልተቆረጠ፣ ያልተቀባባ ወሬ ነው የምናቀርበው።» ሳንሱር! እዚህ አገር ሰው ሳንሱር ሲባል የሚያመው ዝም ብሎ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ ጽሑፍ በቀይ እስኪርቢቶ እየተሰረዘ የኖረ አገር ነው። ሳንሱር ግን ባለሥልጣን ሕዝብ እንዳያውቅ የሚፈልገውን ሲሰርዝ ነው። የሰውየውን ቃል የሰውየው ራሱ «ተውልኝ» ሲል ምኑ ነው ሳንሱር? ደግሞስ «ያልተቆረጠ» የሚባለው ነገር የት አለ? ሦስት ሰዓቱን ሃምሳ ሰከንድ ያደረገው ምንድን ነው፣ መቀስ አይደለም እንዴ? መቀስማ አለ። ለእንግዳው ሲሆን ይጠፋል፣ ለገበያ ሲሆን ይሳላል።

በነገራችን ላይ ርዝመቱን ለገንዘብ ብለው ነው የሚሉ አሉ። ይሄም አያስኬድም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ስምንት ደቂቃ ለሞላው ቪዲዮ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል። ስምንት ደቂቃ! የቀረው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ለምንድን ነው? እኔ ልንገራችሁ፤ አንዱ ምክንያት አለመዘጋጀት ነው። የሚጠይቀውን የማያውቅ ሰው መንገድ እንደጠፋው ባለታክሲ ሰፈር ለሰፈር ያዞራል። «እስቲ ራስህን አስተዋውቅልን» ተብሎ ይጀመራል፤ ጠርተኸው ስታበቃ ማን እንደሆነ አታውቅም? ቀጥሎ «እስቲ ስለ ጆርኒህ አውራን» ይመጣል። ከዚያ እንግዳው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለ «አክቹዋሊ እኔም እንደዛ ነኝ» ብሎ አዘጋጁ የራሱን ሃያ ደቂቃ ይጀምራል። እንግዳው አንገቱን እየነቀነቀ ቡናው ይቀዘቅዝበታል። ሴት ከሆነች ደግሞ ሐኪምም ትሁን መሐንዲስ፣ ወጥ ትችይ እንደሆነ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሽ ሳትጠየቂ አትወጪም። ዋሽንግተን አካባቢ በየቤዝመንቱ የሚቀዱት የኛው ልጆችም ከዚህ የተለየ ነገር ሲጠይቁ አልሰማሁም፤ ባሕር ተሻግሮም ጥያቄው ያው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ አይደለም። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ስለ ምን እንደሚወራ ይነገረው። «ይሄን አታንሳብኝ» የሚለው ነገር ካለ ይጠየቅ፤ ከተቀዳም በኋላ ይጠየቅ። ማይክሮፎኑ ጠፍቶ፣ ጫማውን ሲያስር፣ «ጋሼ፣ ከተናገሩት ውስጥ የቆጨዎት አለ?» ማለት ምን ያህል ደቂቃ ይፈጃል? ሰው እኮ የተናገረው ነገር የሚከነክነው ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ይሰጠው። በማግስቱ ደውሎ «እሷን አውጣልኝ» ካለ ትውጣለት። ሳሎን የሌለ ሰው፣ የቀድሞ ሚስትም ትሁን ወንድም፣ ስሙ ከተነሳ ወይ ይጠየቅ ወይ ይቆረጥ። ለቅንጭብ የተመረጠችውም ሃምሳ ሰከንድ ከመውጣቷ በፊት ለባለቤቷ ትታይ። መቀሱ እንደሆነ በእጃችን ነው።

«እንደዚህ ከሆነማ ማን ያየናል?» ይሉኛል። የሚያይ እንዳለ በራዲዮ ታይቷል። ሰው ሳያለቅስ፣ ማንንም ሳያሳጣ፣ ስለ ሥራውና ስለ ዘመኑ ሲያወራ እሑድ ከቤት ሳይወጣ ጆሮውን ራዲዮ ላይ ለጥፎ የሚውል አድማጭ ነበር። እኔ አንዱ ነኝ። የአዛውንቱም የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት እኮ እንደዚያ ያለ ጨዋታ ነበር፤ ልጁ ለእሱ አንዲትም ቅንጭብ አላወጣለትም እንጂ። መጋረጃ ሲከፈት ከኋላው ስለሚሆነው ነገር፣ ቃሉ የጠፋው ተዋናይ እንዴት በጓደኛው እንደሚተርፍ፣ ባዶ አዳራሽ ፊት ስለ መጫወት ያወሩትን ነገር ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሄደው ሲፈልጉት ግን መጀመሪያ ብቅ የሚልላቸው ያ ቀይ ርዕስ ነው። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አልወረደም።