«አዳኝ» መሆን ሙያ ነውን?

ከአሜሪካ የሥራ ዓይነቶች መካከል እንደ «ባውንቲ ሀንተር» የወጣትን ልብ የሚያማልል ጥቂት ነው። አለቃ የለበት፣ የቢሮ ሰዓት የለበት፤ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሶ ከዋስትና የጠፋን ተከሳሽ ማሳደድ፣ ይዞ ማስረከብ፣ ዋጋን መቀበል። ዱዌን ቻፕማን፣ በቅጽል ስሙ «ዶግ»፣ ከ2004 እስከ 2012 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴሌቪዥን ያሳየው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፦ ሕግ አክባሪ የሆነ፣ ጉልበትና ወኔ ያለው ወጣት ይህን ለዕድሜ ልክ እንጀራው ቢመርጠው ምን ነውር አለበት? በበኩሌ አይምረጠው ባይ ነኝ። ምክንያቴም የሥራው አደገኛነት ሳይሆን የክፍያው ምንጭ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ዳኛው ከአንድ ተከሳሽ የ20,000 ዶላር ዋስትና ጠየቁ እንበል። ቤተሰቡ ያን ያህል ገንዘብ ከሌለው ወደ ዋስትና ነጋዴ ይሄዳል፤ በአብዛኛው አሥር በመቶውን፣ ማለትም 2,000 ዶላር ይከፍላል፤ ነጋዴውም ለሙሉው ገንዘብ ዋስ ይሆናል። ተከሳሹ በየቀጠሮው ቢቀርብም፣ በነጻ ቢሰናበትም፣ ያ 2,000 ዶላር ተመላሽ አይሆንም። ቀጠሮውን አፍርሶ ከጠፋ ግን ለነጋዴው የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል፤ በገደቡ ውስጥ ሰውየው ካልተገኘ ገንዘቡ ይወረሳል። አዳኙ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። ከያዘው ብዙውን ጊዜ ከዋስትናው ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ያገኛል፤ ካልያዘው የነዳጁም የአዳሩም ወጪ የራሱ ነው። ልብ እንበል፤ የሚከፈለው ፍትሕን ስላገለገለ ሳይሆን የነጋዴውን ገንዘብ ከመወረስ ስላተረፈ ነው። አማርኛችን አውሬ የሚያድነውንም ነፍስ የሚያድነውንም «አዳኝ» ብሎ ይጽፋል፤ እዚህ ግን የሚታደነው ሰው፣ የሚድነው ገንዘብ ነው።

ለዚህ ሰው የተሰጠው ሥልጣን ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1872 በ«ቴይለር በቴይንተር ላይ» ጉዳይ እንዳተተው፣ ዋሱ ወይም ወኪሉ ተከሳሹን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ተከትሎ ሊይዘው፣ በሰንበትም ሊያስረው፣ ካስፈለገም ቤቱን ሰብሮ ሊገባ ይችላል። ፖሊስ ማዘዣ የሚያወጣበትን እርሱ በውል ይፈጽመዋል፤ የፍተሻና የእስር ገደቦች በመሠረቱ የተጻፉት ለመንግሥት እንጂ ለግል ሰው አይደለምና። ከዚያ ወዲህ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ፈቃድና ሥልጠና በመጠየቅ ልጓም አበጅተውለታል፤ የአስተሳሰቡ መሠረት ግን አልተናወጠም። ከአገር ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ቻፕማን በ2003 ከአሜሪካ የሸሸ ወንጀለኛ ተከትሎ ሜክሲኮ ውስጥ በያዘ ጊዜ፣ የሜክሲኮ ፖሊስ አዳኙን ራሱን አሰረው፤ በዚያ አገር ሥራው ወንጀል ነውና። ላወጣው ወጪ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት እንዲተካለት ቢጠይቅም ተቀባይነት አላገኘም። ዝናን ያተረፈለት አደን እንዲህ ያለ ነበር።

ክፍያ ፍርድን እንዴት እንደሚያጣምም የአሜሪካ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በ1850 የወጣው የኮበለሉ ባሮች ሕግ፣ የተያዘው ሰው ባሪያ ነው ብሎ ለአሳዳሪው ለሚመልስ ኮሚሽነር 10 ዶላር፣ ነጻ ነው ብሎ ለሚለቅ 5 ዶላር ይከፍል ነበር። የዛሬው አዳኝ የዚያ ዘመን ባሪያ ፈንጋይ ነው ማለቴ አይደለም። በሰው ራስ ላይ ዋጋ ሲለጠፍ፣ የተሳሳተ ቤት መስበር ለአሳዳጁ የሥራ ስህተት፣ ለቤቱ ባለቤት ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ይሆናል ማለቴ ነው።

ተቃራኒውን ክርክር መሸሽ አይገባም። ሄላንድና ታባሮክ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በነጋዴ ዋስትና የተለቀቁ ተከሳሾች በገዛ ቃላቸው ብቻ ከተለቀቁት ይልቅ ከቀጠሮ የመቅረታቸው ዕድል በ28 በመቶ ያነሰ፣ ከቀሩም ለረጅም ጊዜ ሳይያዙ የመቆየታቸው ዕድል በ53 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ውጤቱን አልክድም። ነገር ግን ከቀጠሮ የሚቀር ሁሉ ሸሽቶ ነውን? በ2020 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ የኒውዮርክ ጥናት እንዳመለከተው፣ የመጥሪያውን ወረቀት ግልጽ አድርጎ ማዘጋጀት ብቻውን ቀሪዎችን በ13 በመቶ፣ በስልክ የሚላክ የማስታወሻ መልእክት ደግሞ በ21 በመቶ ቀንሷል። ብዙው ሰው ረስቶ፣ ወይም ወረቀቱ ሳይገባው የቀረ ነው ማለት ነው። በአጭር መልእክት ሊጠራ የሚችለውን ሰው በር ሰብሮ ማምጣት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ይህ ንግድ የግድ አለመሆኑን ዓለም መስክሯል። ከአሜሪካና ከፊሊፒንስ በቀር ዋስነትን የሚሸጥ አገር እምብዛም የለም። አሜሪካ ውስጥም ኬንታኪ፣ ኦሪገን፣ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ንግዱን ከልክለዋል፤ ኢሊኖይ በ2023 የገንዘብ ዋስትናን ጭምር ሙሉ በሙሉ አስቀርታለች። እጅግ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም አብዛኛው ተከሳሽ ያለ ገንዘብ ይለቀቃል፤ አብዛኛውም በቀጠሮው ይገኛል።

እኛ «ዋስ» ስንል የምናውቀው ሌላ ነገር ነበር። በባላገሩ ሸንጎ ዋስ የሚጠራ ሰው የሚጠራው ዘመዱን ወይም ጎረቤቱን ነው፤ ዋሱም የሚያስይዘው ስሙንና ንብረቱን እንጂ የሚያተርፈው ገንዘብ አልነበረም። ልማዱን ለማሞገስ አልቸኩልም፤ ዋስ ያጣ ድሃ በቁራኛ ይታሰር ነበርና። የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ደግሞ ሕመሟ ሌላ ነው፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የዋስትና መብትን ደንግጎ ሳለ፣ ፍርድ ቤት የፈቀደለትን ሰው ፖሊስ አልለቅም ሲል ደጋግመን አይተናል። ሁለቱ አገሮች የሚገናኙበት ነጥብ ግን አለ። ገና ያልተፈረደበት ሰው ነጻነት በዚያ በገንዘብ፣ በዚህ በጉልበት ሲወሰን፣ ዳኛው ከመካከል ይወጣል።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ወጣት መልሴ ይህ ነው። ማሳደድ ከወደድክ ቃለ መሐላ ፈጽመህ፣ በማዕረግና በተጠያቂነት ፖሊስ ሁን። ፍትሕን ከወደድክ ደግሞ ተከላካይ ጠበቃ፣ ወይም የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሁን። ቀጠሮው በእንግሊዝኛ ተነግሮት ሳይገባው የሚወጣ አንድ ወገንህን በቋንቋው ብታስረዳው፣ ነገ በር የሚሰበርበትን አንድ ሰው አተረፍክ ማለት ነው። «አዳኝ» የሚለው ስም ለዚያ ይገባል።