ጭነቱ የእኔ ከሆነ ንፋሱም ያገባኛል

ስለ ሞተር ጎማ ንፋስ ሲነሳ እኛ የሞያሌ ነጋዴዎች «እሱን ሞተረኛው ያውቃል» ብለን እናልፋለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ዕቃውን አስጭኜ፣ ኪራይ ተስማምቼ ከሸኘሁ በኋላ የእኔ ሥራ «የት ደረስክ?» እያልኩ መደወል ብቻ ነበር።

ባለፈው የሚያዝያ ዝናብ ሁልጊዜ የሚያመላልስልኝን ልጅ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ኬሻ ሩዝ አስጫንኩት። መንገዱ መጀመሪያ አስፋልት ነው፣ መሐል ላይ ጭቃ፣ ከዚያ እንደገና አስፋልት። ልጁ ጭቃው ላይ እንዳይንሸራተት የኋላውን ጎማ ንፋስ ቀነሰ። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ መልሶ የሚሞላበት ፖምፓ አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደውዬ አጣድፌዋለሁ። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዚያ ሸክምና ፍጥነት ጋለ፤ ካላማዳሪው ውስጥ ውስጡን ተንሸራቶ ቫልቩ ጋ ተቀደደ። ትከሻው ተሰብሮ ሦስት ወር ቤት ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ «ለምን ንፋስ ቀነሰ?» አለ። ኩንታል ሩዝ ማን እንዳስጫነው የጠየቀ የለም።

ንፋስ ቀንሱ የሚሉት ውሸታቸውን አይደለም። አሸዋና ጭቃ ላይ ለስለስ ያለ ጎማ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ግን ይህ ባዶውን ለሚሄድ፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳና ፖምፓ ለያዘ ነው። እንደ ዲዳ ገልገሉ ያለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ከባድ ጭነት ይዞ ንፋስ የቀነሰ ሰው ቸርኬው ከድንጋዩ ጋር ሆኖ ካላማዳሪውን ይቆርጥበታል። እሾህ እንዳይወጋው ብሎ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ የሚሞላውም አልዳነም፤ ጎማው ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። የግራር እሾህ እንደሆነ ጠንካራውንም ለስላሳውንም ይወጋል።

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚሠሩት ቦክሰርና መሰሎቹ መመሪያቸው ፊት 25፣ ኋላ ለአንድ ሰው 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ገደማ ይላል። የራሳችሁን ሞተር መመሪያ እዩ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እሱን አትሙሉ። የጎሚስታው መለኪያ በባር ከሆነ 2.2 ባር ወደ 32 ይጠጋል። የሚለካው ደግሞ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ነው። ቀትር ላይ በግለት ከፍ ብሎ ቢታይ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

አሁን እኔ ጋ የሚጫን ሞተር ኋላው 32 ሆኖ ይነሳል። ጭነት እያለ ንፋስ መቀነስ የለም፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነ የምንቀንሰው ኬሻውን ነው፣ ሁለት ምልልስ ይሆናል። ባዶውን ሲመለስ አሸዋ ከገጠመው አራት አምስት ቢቀንስ አልከለክልም፣ አስፋልት ሳይነካ መልሶ ከሞላ።

መለኪያውንና ፖምፓውን የገዛሁት እኔ ነኝ። በዲፕሎማዬ የተማርኩት ሂሳብ ይህን የማጓጓዣ ወጪ ይለዋል፤ ከልጁ ኪራይ ላይ የሚቆረጥ አይደለም። ኪራዩን በምልልስ እየከፈልን፣ የጎሚስታውንም የቆመበትንም ሰዓት ለሞተረኛው ጥለን «ቶሎ ድረስ» ስንለው፣ የት ጋ ቆሞ ንፋስ ይሙላ? «ትርፉ ቀጭን ነው» የምትሉኝ እህቶች አላችሁ። አውቃለሁ፣ የእኔም ቀጭን ነው።

ልጁ ተሽሎት ሥራ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ሰማዩን አየና «እትዬ፣ አንዱን ኬሻ ነገ ልውሰደው» አለኝ። ደንበኛዬ እየጠበቀ ስለነበር ቅር አለኝ፣ ፊቴም ሳያስታውቅ አልቀረም። ኬሻው ሱቅ አደረ።