ለአዳማ ሙቀት ወፍራም ዘይት?

አዳማ ላይ ናፍጣ መኪናውን ለሰርቪስ ያስገባ ሾፌር የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አገሩ ሙቀት ነው፣ ወፍራሙን አድርግበት።»

ምክሩ መሠረት የለሽ አይደለም። ጭኖ ከመተሐራ ቆላ ወደ አዳማ 1,600 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ኢሱዙ፣ አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ ወፍራም ዘይት ሊጠቅመው ይችላል። ቀላል መኪና ግን ሌላ ነው። ቴርሞስታቱ እስከሠራ ድረስ የሞተሩ ውሃ አዳማም አዲስ አበባም 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት ደግሞ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቱርቦው ጋ ቶሎ አይደርስም። የቱርቦን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከውፍረቱ በፊት መነበብ ያለበት ፊደሉ ነው። በኤፒአይ ምደባ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። «ሲኤፍ» ጊዜው ያለፈበት ደረጃ ነው፤ «ሲአይ-4» እ.ኤ.አ. በ2002 የመጣ ነው። ሁለቱም ጀሪካን ላይ 15ደብሊው-40 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠው ዘይት ላይማ ፊደሉም አይታይም።

ቶሎ «ጠቆረ» ተብሎ የሚወቀሰው ዘይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም፤ ጥላሸቱን ይዞ ማቆየት ሥራው ነው። ሾፌሩን ሊያስደነግጠው የሚገባው የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ማለቱና ናፍጣ ናፍጣ መሽተቱ ነው።