ከራዲዮዋ በፊት ቴስተሩ



ሮቤ ባለው የማታ ትምህርት ክፍላችን አንዲት ራዲዮ አለችን። የአርሲዋን ሮቤ ማለታችን ነው፤ የባሌዋን አይደለም። ራዲዮዋ የተገዛችው ተማሪዎቹ ከስንዴና ከገብስ ሽያጭ ቀንሰው ባዋጡት ገንዘብ ነው። የምትሠራው በስድስት የባትሪ ድንጋይ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል። ስድስቱ ሲደረደሩ 9 ቮልት ይሆናሉ።

ድንጋዩ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ አንድ አባት ከገበያ ትንሽ ትራንስፎርመር ገዝተው መጡ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ጥቁር ሳጥን ነው። ከውስጡ ሁለት ሽቦ ይወጣል። በጀርባው 220 የሚል ቁጥር አለ። በጎኑ ደግሞ 3፣ 4.5፣ 6፣ 7.5፣ 9 እና 12 ተጽፏል። ከቁጥሮቹ አንዱን የምትመርጥ፥ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ቁልፍም አለችው። ቁጥሮቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው አነበቡልን። በጣም ደስ አለን።

እኛ አስተማሪዎቹም ቸኮልን። «ራዲዮዋ 9 ትፈልጋለች፤ እዚህም 9 አለ፤ በቃ ይሰካ!» አልን። አንዲት እናት ግን ከኋላ ተነሡና፥ «ኧረ ቆዩ ልጆቼ! ጆንያው ላይ መቶ ኪሎ ተብሎ ስለተጻፈ ሳይመዘን ይገዛል እንዴ?» አሉን። መልስ አጣን። ዩኒቨርሲቲ የምንማረው እኛ ነን፤ ትክክሉን የተናገሩት ግን እሳቸው ናቸው። የኤሌክትሪክ ሚዛን ቴስተር ይባላል። ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ተዋስን።

ትራንስፎርመር ምን ይሠራል?

የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ሰው ይገድላል፤ ትንሽ ራዲዮም ያቃጥላል። በሳጥኑ ውስጥ በብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። መብራቱ የሚገባበት ጥቅል ብዙ ዙር አለው። የሚወጣበት ጥቅል ጥቂት ዙር አለው። ዙሩ ሲያንስ የሚወጣው ቮልትም ያንሳል። ከዚያም ዳዮድ የሚባሉ ትናንሽ ዕቃዎች ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ እንደ ባትሪ ድንጋይ በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርጉታል።

በምሰሶ ላይ የምታዩት ትልቁ ትራንስፎርመርም ቮልት ይቀንሳል። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ እንዳለው እንደ መልካ ዋከና ካሉ ማመንጫዎች የሚወጣው ኃይል በመንገድ እንዳይባክን በከፍተኛ ቮልት ይላካል። ከተማ ሲደርስ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ይደረጋል።

የዚህን አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ጠምጥሞ ሞከረ። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሲሠራ፥ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ተማረ።

እንዴት ለካን?

1. ቴስተሩን በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ኤሌክትሪክ መለኪያ ላይ አደረግን፤ 50 ቮልት የሚለውን መረጥን። ቮልት ሲለካ ቴስተሩ በኦም ወይም በአምፔር ላይ ከተደረገ ይበላሻል።

2. የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ከሳጥኑ የመደመር ሽቦ ጋር፥ ጥቁሩን ከመቀነሱ ጋር አያያዝን። መርፌው ወደ ኋላ ከሄደ ተገላብጧል ማለት ነው።

3. ሳጥኑን ሶኬት ላይ የሰካነው በመጨረሻ ነው። ወደ ሶኬቱ የሚገባውን ብረት በእጅ አልነካንም። ሳጥኑንም አልከፈትንም።

ቁልፏ 9 ላይ ነበረች። መርፌው ግን ስንት አለ? 14! ክፍሉ ዝም አለ። ያን ማታ ብንሰካው ኖሮ የስንት ሰው መዋጮ ይቃጠል ነበር?

ሳጥኑ ዋሸ ወይ? አልዋሸም። ያልተጫነ በቅሎ ይሮጣል፤ ሲጫን ይዘገያል። ትራንስፎርመርም እንዲሁ ነው። የተጻፈው ቁጥር ሙሉ ጭነት ሲኖርበት የሚሰጠው ነው። ይህን ለማየት 12 ቮልት 3 ዋት የሆነች የመኪና አምፖል አያያዝንበት። መርፌው ወደ 10 ወረደ። የእኛ ራዲዮ ግን ከአምፖሏ ያነሰ ኃይል ነው የምትወስደው። ስለዚህ በ9 ላይ ቢሆን ቮልቱ ይበዛባት ነበር።

ሳጥኑን ነቅለን ቁልፏን 6 ላይ አደረግን። እንደገና ለካን። ባዶውን 9 ተኩል አለ። ይህ አያሰጋም፤ አዲስ ድንጋይም ከ1.5 ትንሽ አልፎ ይሰጣል። ሳጥኑን ነቀልን፤ ድንጋዮቹን ከራዲዮዋ አወጣን፤ መደመሩን ከመደመር፥ መቀነሱን ከመቀነስ አያያዝንና ሰካን። ራዲዮዋ ስትናገር መርፌው 9 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እኚያ እናት፥ «አሁን ተመዘነ» አሉ።

ይህ በእኛ ሳጥን የሆነ ነው። በእናንተ ሳጥን ሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ሲጫንም ሳይጫንም ቮልቱ እንዳይለዋወጥ ተደርጎ የተሠራ ሳጥንም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ቴስተር ነው። ቴስተር ከሌላችሁ ሳትሰኩ ወደ ራዲዮ ጠጋኝ ውሰዱት። ሳጥኑ በእጅ እስከማይያዝ ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካመጣ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ንቀሉት።

ማንበብ ቁጥሩን አሳየን። መለካት ደግሞ እውነቱን ነገረን። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ጥያቄዎች

1. አራት የባትሪ ድንጋይ የሚወስድ ራዲዮ ስንት ቮልት ይፈልጋል?
2. የእኛ ሳጥን በ9 ላይ ሆኖ ለምን 14 አነበበ?
3. በቤታችሁ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ፥ ከሶኬት ነቅላችሁ፥ የተጻፈበትን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ።