ምስጋና በአፍ ብቻ አይደለም

ሰው ሁሉ በገዛ እጁ ያልሠራው ስጦታ አለው። ዝናብን የፈጠረ ሰው የለም፤ ፀሐይንም ያወጣ ሰው የለም። አፈርም ከሰው በፊት ነበረ። ስለዚህ ሰው ፈጣሪውን ማመስገን ይገባዋል። ነገር ግን ምስጋና ማለት ምን ማለት ነው? «ተመስገን» ብሎ መናገር ብቻ ነውን? ይህን ነገር ከጌዴኦ ምድር መማር ይቻላል።

ጌዴኦ በደቡብ ኢትዮጵያ፥ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ያለ ተራራማ አገር ነው። ዋና ከተማው ዲላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ በዚያ ያልፋል። የአገሩ መሬት ቁልቁለት ነው፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ራቁቱን ቢቀር ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሸለቆ ይወስደዋል። የጌዴኦ ቁልቁለት ግን ለምለም ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ከላይ እንደ ዋንዛና እንደ ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ይቆማሉ። ከዛፎቹ በታች እንሰት ይበቅላል፤ ከእንሰቱም ሥር ቡና አለ። ዛፉ ቡናውን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ቅጠሉ ረግፎና በስብሶ አፈሩን ያለመልማል፤ ሥሩም አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። እንሰት በግንዱ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፤ ለሰው ቆጮና ቡላ፥ ለከብትም ቅጠል ይሰጣል። ቡናው ደግሞ ወደ ገበያ ወጥቶ ልብስና ደብተር ይገዛል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ የተሠራ አይደለም። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያቆያል። እንሰትም ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዋንዛ ለሳንቃ የሚሆነው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጥላው ሥር የሚቀመጥ ልጅ አያቱ በተከለው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። በዚህ መዝገብ የከበረው የንጉሥ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የገበሬዎች እርሻ፥ የተከበሩ ደኖችና የጥንት የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው።

ጌዴኦዎች ደራሮ የሚባል የምስጋና በዓል አላቸው። ዓመቱ ሲለወጥ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ነገር ግን ምስጋናው በበዓሉ ቀን አያልቅም። ሽማግሌዎቹ በተራራው ላይ ያሉትን የተቀደሱ ደኖች ይጠብቃሉ፤ ሶንጎ በሚባለውም የሸንጎ ቦታ ተቀምጠው የተጣላውን ያስታርቃሉ። ያመሰገኑበትን ነገር ጠበቁት ማለት ነው። እውነተኛ ምስጋናም ይህ ነው። ስጦታውን እያበላሸ ሰጪውን የሚያመሰግን ሰው ቃሉና ሥራው ተጣልተዋል።

አንዳንድ ሰው ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ቦዩን ሳይጠርግ ይተኛል። ጎርፍ ሲመጣም ያዝናል። ዝናብን መስጠት የእግዚአብሔር ነው፤ ቦይን መጥረግ ግን የሰው ነው። ሃይማኖት ለስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም።

ሌላውም «አንድ ዛፍ ቢቆረጥ ምን ይጎድላል?» ይላል። ይሁን እንጂ ከላይ ያለው ሰው ዛፉን ቢጨርስ ጎርፉ ወርዶ የሚያጠፋው ከታች ያለውን ሰው እንሰት ነው። የአንዱ ቸልታ ለጎረቤቱ ረኃብ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ልጁ የታመመበት ድኻ ዛፉን ሸጦ መድኃኒት ቢገዛ በእርሱ ላይ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን በቆረጠው ፋንታ ችግኝ መትከል የእርሱ ፋንታ ነው፤ ዛፉን እስኪሸጥ ድረስ ሳይቸገር እንዲኖር መርዳትም የጎረቤቶቹ ፋንታ ነበረ።

በቡና ለቀማም ይህ ነገር ይታያል። ታማኝ ለቃሚ የቀላውን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ይለቅማል፤ ያልበሰለውንም ለሌላ ቀን ይተወዋል። ሰነፍ ለቃሚ ግን ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ይሸመጥጣል። እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅሎ ወደ ሚዛን የሚያመጣም አለ። በዚያ ቀን ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል። ሆኖም የይርጋ ጨፌ ቡና ስም በሩቅ አገር የታወቀ ነው፤ ይህም መልካም ስም የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም። የለቃሚውም፥ የአጣቢውም፥ የነጋዴውም ነው። አንዱ ሲያታልል የሁሉን ስም ይሰርቃል። በባሕር ማዶ ሆኖ ቡናውን የሚጠጣ ሰው የለቃሚውን ስም አያውቅም፤ የእጁን ሥራ ግን ይቀምሰዋል።

«ይህ ለትልልቅ ሰዎች ነው፤ ልጅ ምን ይችላል?» የሚል ተማሪ ቢኖር ወደ ማዕዱ ይመልከት። ከፊቱ ያለው ቆጮ በአንድ ቀን አልተገኘም። እናቱ እንሰቱን ፍቃለች፤ በጉድጓድ ቀብራም እስኪበስል ብዙ ጊዜ ጠብቃለች። እንግዲህ ልጁ ከመብላቱ በፊት እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ከበላም በኋላ ተነሥቶ ለእናቱ ውሃ ይቅዳላት። ፍየሉ ችግኝ እንዳይበላ ይሰረው። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሰው ተክል አይስበር። የተዋሰውን መጽሐፍ ንጹሕ አድርጎ ይመልስ። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ናቸው፤ ነገር ግን በትንሹ ያልታመነ ሰው በትልቁ ሊታመን አይችልም።

ልጆች ሆይ፥ የተቀበለ ሰው ባለ ዕዳ ነው። ዛፉን የተከሉት አባቶች ብዙዎቹ ሞተዋልና ዕዳው ለእነርሱ ሊከፈል አይችልም። የሚከፈለው ገና ላልተወለዱት ልጆች ነው፤ የሚከፈልበትም ገንዘብ ችግኝ፥ ንጹሕ ሚዛንና የታመነ እጅ ነው።