ደንገሉን ያላየ ሥዕል

ሥነ ቃል የሰፊው ሕዝብ የኑሮ ልምድ፣ የትዝብቱና የምኞቱ መዝገብ ነው። በመሆኑም መዝገቡን ማን ይገለብጠዋል፣ ለማንስ ጥቅም ይገለብጠዋል የሚለው ጥያቄ ምን ጊዜም የኪነ ጥበብ ዐቢይ ጥያቄ ነው። ዛሬ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ቴክኖሎጂ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ተቀብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያወጣል። የአየርላንድ አፈ ታሪክ ጀግኖች በዚህ መንገድ እንደ አዲስ ይሣላሉ፤ የኢትዮጵያ ተረቶችም በዚሁ መሣሪያ እየተሠሩ በየስልኩ መታየት ጀምረዋል።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ቴክኖሎጂው ስቱዲዮም ካፒታልም ለሌለው ወጣት በር ይከፍታል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተረት ድሮም በየአፉ ሲለዋወጥ የኖረ ስለሆነ መሣሪያ ቢለውጠው ምን ነውር አለው ሲሉ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት በመሆኑ ከሐሰት ይልቅ ያሳስታል።

ለዚህ ከፎገራ ምድር የተሻለ ምስክር አይገኝም። በቀልዳቸው በመላ አገሪቱ የሚታወቁት የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሃና የተወለዱት በዚሁ በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሊቁ ቀልደኛ ብቻ ሳይሆኑ የአቋቋም መምህርም ነበሩ። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ትውፊት፣ የጣና ማዕበልና በዳርቻው ያለው ደንገል ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ተመልክተው የመቋሚያውን ዝማሜ በዚያ አምሳል አዘጋጁት። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አልቀበልም ቢሉም፣ ልጃቸው ተክሌ ከአባታቸው ተምረው በደብረ ታቦር አስፋፉት፤ የተክሌ ዝማሜ ተብሎም እስከ ዛሬ ይኖራል። እንግዲህ ትውፊትን ማደስ ወንጀል አይደለም። ጥያቄው ከምን ተነሥቶ ይታደሳል ነው። አለቃ የተነሡት በዓይናቸው ካዩት ደንገል ነው።

መሣሪያው ግን ደንገሉን አላየም። የሚያውቀው አስቀድሞ የተጻፈውንና ፎቶግራፍ የተነሣውን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ክምችት ውስጥ የአማርኛ ድርሻ እጅግ ጥቂት፣ የፎገራ ድርሻ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ነው። የጎደለውን ከሌላ አገር በሚያውቀው ይሞላዋል። ከደንገል የታሰረው የጣና ታንኳ የእንጨት ጀልባ፣ መቋሚያው የእረኛ በትር፣ የግዕዝ ፊደል ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ቢወጣ አያስገርምም። የአለቃ ቀልድ ደግሞ የሚያርፈው በኅብረ ቃል ላይ ነው፤ ወርቁን ያልተረዳ ሠዓሊ ሰሙን ብቻ ሥሎ ያልፋል።

«ይህ ጥቃቅን ስሕተት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ በፎገራ ሜዳ እየተስፋፋ፣ የግጦሹ መሬት እየጠበበ፣ ጥቁርና ነጭ መልክ ያለውና ቀንደ አጭሩ የፎገራ ከብትም ቁጥሩ እየተመናመነ መጥቷል። ሩዙ ለገበሬው እንጀራ ስለሆነ የሚወቀስ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገ የወረታ ልጅ ያን ላም የሚያውቀው በስክሪን ብቻ ከሆነ፣ በስክሪኑ ላይ የቆመችው ቀንደ ረጅም የባዕድ ላም እንደ ማስረጃ ትቆጠራለች። ያን ጊዜ ስሕተቱን የሚያርም ምስክር አይኖርም።

የአየርላንድ ልምድ ለዚህ ትምህርት ይሆናል። በዚያ አገር የሥነ ቃል ኮሚሽን የተቋቋመው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 5,000 የሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው አፍ ተረቱን በደብተር ሰበሰቡ። በኪልኬኒ ከተማ የሚገኘው ካርቱን ሳሉን የተባለው ስቱዲዮ የባሕር አፈ ታሪክን መሠረት አድርጎ «የባሕር መዝሙር» የተባለውን በእጅ የተሣለ ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያቀረበው እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት አገር ነው። መዝገቡ ቀደመ፤ ሥዕሉ ተከተለ።

በፎገራም ቅደም ተከተሉ ይኸው መሆን አለበት። መምህራን ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው ተረቱን፣ ቀልዱንና የእረኛውን ዘፈን ከተናጋሪው ስምና ቀበሌ ጋር ይመዝግቡ። ሠዓሊያን ወደ ሐይቁ ዳርና ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ወርደው ታንኳውንና ከብቱን ከአካሉ ይንደፉ። የባህል ጽሕፈት ቤቶች ስብስቡን በአደራ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ቀለም በመቀባትና ንድፍን ከንድፍ በማያያዝ ድካም ያቃልል፤ በመሣሪያ የተሠራውም በመሣሪያ መሠራቱ በግልጽ ይጻፍበት። ተረቱን የነገሩት አዛውንት ስማቸው ከፊልሙ ራስጌ ይስፈር፤ ገቢ ከተገኘም ድርሻቸው አይዘለል። ይህ ሳይሟላ የሚወጣ ሥራ በፎገራ ስም ቢጠራም የፎገራ አይደለም።