የድንጋይ ምክር ለሊቲየም አይሠራም

ባለፈው ሳምንት እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ «የላክልኝ ስልክ አልነሣ አለ» አለችኝ። ክረምቱን አዲስ አበባ እህቴ ጋ ስትከርም ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። «ቻርጅ ነበረው?» ብላት «ሙጥጥ አድርጌ ጨርሼ ነው ያስቀመጥኩት፤ ባትሪው እንዳይበላሽ» አለች። ምክሩን የሰጣት የሰፈር ስልክ ጠጋኝ ነው። ስልኩን የገደለው ግን ይኸው ምክር ነው።

በጠጋኙ አልፈርድም። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሰካ»፣ «ሳያልቅ አትሰኩ» የሚሉት ምክሮች ከኒኬል ባትሪዎች ዘመን የተረፉ ናቸው። ለኒኬል ካድሚየም አልፎ አልፎ ጨርሶ ማራገፍ ይጠቅም ነበር። ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን ቀረ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ድንጋይ ነበር። እኛ ቤት «ባትሪ» ማለት የእጅ መብራቱ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። አባቴ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፤ ማታ ሬዲዮው ዜናውን እስከ መጨረሻው ያሰማል። ፀሐይ ድንጋይ አትሞላም። የድንጋዩ ቆርቆሮ ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዚንኩ እየተበላ ስለሆነ የተበላው አይመለስም። ሙቀቱ የሚያደርገው ውስጥ ያለው ኬሚካል ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ማገዝ ነው፤ ዕረፍቱም በራሱ ትንሽ ያነቃዋል። አባቴ የተረፈችውን አሟጦ መጠቀሙ ነበር፣ ልክም ነበረ። ቢበዛ ዚንኩ ተበልቶ ድንጋዩ ያፈሳል፣ ይጣላል።

ሊቲየም ሌላ ነው። ውስጡ ምንም ተበልቶ እንዲያልቅ አይፈለግም፤ የሊቲየም አዮኖች ስንሰካው ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፣ ስንጠቀም ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳሉ። ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ነው። ስልኩ «0%» ብሎ ሲዘጋም ባዶ አይደለም፤ 3 ቮልት አካባቢ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ መጠባበቂያ አለው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለቀችው ይህቺ መጠባበቂያ ናት። ባትሪ ዝም ብሎ ሲቀመጥም በየወሩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጠባቂ ሰርኪዩቱም ይጠጣል። ቮልቱ በጣም ወርዶ ሲቆይ በውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቢሞላ እርስ በርሱ ሊነካካና ሊግል ስለሚችል ሰርኪዩቱ አልሞላም ይላል። እናቴ «አልነሣ አለ» ያለችው ይህንን ነው። ግማሽ ሞልታ አጥፍታው ብትሄድ ኖሮ ክረምቱን በሰላም ያልፍ ነበር።

እዚህ ኬኒንግተን ከቤቴ ወጥቼ ኬኒንግተን ፓርክ ሮድን ይዤ ወደ ሰሜን ብሄድ ኒውንግተን በትስ እደርሳለሁ፤ ማይክል ፋራዴይ በ1791 የተወለደው እዚያ ነው። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ ትምህርቱን በመጽሐፍ ጠራዥነት እየሠራ በንባብ የጨረሰ ሰው። በ1834 ስለ ኤሌክትሪክና ኬሚካል ሲጽፍ የነበሩት ቃላት አልበቃ ስላሉት የካምብሪጁን ዊልያም ሂወልን አማክሮ አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮን የሚሉትን ከግሪክኛ አመጣ። እኛም ቃል አጥተን አይደለም፤ «ድንጋይ» የመሰለ ቃል አለን። ያጣነው ድንጋዩ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ጽሑፍ ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ የገንቢዎች ሥራ ይመስለኛል። በአንድሮይድ ማንኛውም መተግበሪያ የባትሪውን መቶኛ፣ ቮልትና ሙቀት ምንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ማንበብ ይችላል። የአማርኛ መተግበሪያዎቻችን ግን ቢበዛ «ባትሪ እያለቀ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። 5% ላይ «አሁን ይሰኩ፤ ጨርሶ ማለቁ ባትሪውን አይጠቅምም» ብንልስ? 45 ዲግሪ ሲያልፍ «ስልኩን ከፀሐይ ያንሡ» ብንልስ? አባቴ ይህን ቢያነብ ይስቅ ነበር፤ ፀሐይ ለድንጋይ መድኃኒት፣ ለሊቲየም መርዝ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ ከተቻለ 80% ላይ ንቀይው አልኳት፤ ሙሉ ሆኖ መቆየት ያስረጀዋልና። «መብራት ቢጠፋስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ ከ80 እስከ 100 ያለው ጉዳት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት የሚታይ ነው፤ መብራት በጠፋ ማታ የዘጋ ስልክ ግን ጉዳቱ ያኔውኑ ነው። የለንደኑን ምክር እንዳለ ገልብጬ ነበር የሰጠኋት። ስለዚህ «ሙሉት እማዬ» አልኳት፤ «ብቻ ትራስ ሥር አድርገሽ አትሙዪው፣ ባዶውንም ቁም ሣጥን አታስገቢው።»